ውሻ ነክሶን “ማፊ ሙሽኪላ” አንበል

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ስለሆነ አንዳንድ ቦታ ጠንከር ካልኩ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የተናደድኩት ግን በአሠሪዎች ብቻ አይደለም፤ በራሳችንም ነው፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ በራሴ።

ባለፈው ጁምዓ ስንሰባሰብ አንዲት እህታችን እያነከሰች መጣች። ባቷን በሻሽ ጠቅልላዋለች። ምን ሆንሽ ስንላት የቤቱ ውሻ እንደነከሳት ነገረችን። አምስት ቀን ሆኗታል። ሐኪም አላያትም። ማዳሟ ቅባት ቀብታላት “ማፊ ሙሽኪላ” ብላታለች።

እኛስ ምን አልናት? አንዷ “ፈርተሽው ነው፣ ውሻ የሚነክሰው ሲፈሩት ነው” አለች። ሌላዋ “ዝም በይ፣ እንጀራሽን እንዳታጪ” አለች። ሦስተኛዋ “የቡና ዱቄት ነስንሺበት፣ ይደርቃል” አለች። እኔ ደግሞ የማውቀውን እያወቅኩ አፌን ዘግቼ ቡናዬን ጠጣሁ። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ለእነዚያ ሦስት ምክሮች አንድ በአንድ መልስ እሰጣለሁ።

በመጀመሪያ ግን ከየት እንዳወቅኩት ልንገራችሁ። ኦብሑር ያለ ቪላ ውስጥ ስሠራ ቤቱ ትልቅ ጀርመን ሼፐርድ ነበረው። ስመጣ የተነገረኝ ሥራ ቤት ማጽዳትና ልጆች መያዝ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ውሻውን ማብላትና ቤቱን ማጠብ ተጨመረብኝ። ማንም አልጠየቀኝም። አንድ ቀን ከመንገድ ግቢ ውስጥ የገባችን ድመት ያዘና ገደላት። ደሟን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ለማዳም ስነግራት “ድመት ናት እኮ” አለችኝ። ድመት የገደለ ውሻ ሁሉ ሰው ይነክሳል ማለቴ አይደለም። ግን ያን ቀን ውሻው አፉን ሞልቶ ወደ እኔ ሲያጉረመርም አይቻለሁ፤ ያንንም ተናግሬአለሁ። ወር ሳይሞላ ሳህኑን ሳስቀምጥ እጄን ያዘኝ።

ማዳም ፕላስተር አመጣች። ያዳነኝ የቤቱ ሾፌር ነው። ባንግላዴሻዊ ነው፣ በእኔና በእሱ መካከል ያለው ቋንቋ የተሰባበረ ዐረብኛ ነው። እጄን ጎትቶ ከቧንቧው ሥር አደረገውና ሳሙና እየቀባ፣ ሰዓቱን እያየ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ አጠበኝ። እኔ እያለቀስኩ “ይበቃል” እለዋለሁ፣ እሱ “ላ፣ ላ” ይለኛል። ከዚያ ለባባ “ይቺ ልጅ ብትሞት በአንተ አንገት ነው” አለው። በዚያው ማታ ሐኪም ቤት ተወሰድኩ። ያ ሰው የተናገረውን ያህል ከእኛ ማናችንም ለእህታችን አልተናገርንላትም። ለዚህ ነው የምናደደው።

አሁን ወደ ምክሮቹ። ከመጨረሻው ልጀምር፤ ከቡናው።

ቡና፣ አመድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ የውሻው ፀጉር ተቃጥሎ፤ ይሄ ሁሉ ቁስሉን ያቆሽሸዋል እንጂ በሽታውን አይገድለውም። የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው በውሻው ለሃጭ ውስጥ ካለ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ በቁስሉ ይገባና በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ወር ይቆያል፤ አንዳንዴ ግን በሳምንት ይደርሳል፣ አንዳንዴም ዓመት ይወስዳል። ቁስሉ ስለዳነ ድነናል ማለት አይደለም። ምልክቱ አንዴ ከታየ፣ ውሃ ማየት ሲያስፈራ፣ መዋጥ እምቢ ሲል፣ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በዓመት ወደ 59 ሺህ ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል፤ አብዛኛው በአፍሪካና በእስያ ነው። ይሄ ማለት የእኛና የዚያ ሾፌር አገር ሰው ነው። ወደ ሰው ከሚተላለፈው ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ የሚመጣው ከውሻ ነው።

ወሎ ባደግኩበት መንደር አንድ የጎረቤት ልጅ በዚህ ሞቷል። ሲነከስ ሥር ቀጥቅጠው አሰሩለት። ቁስሉ ዳነ። እናቱ ሰደቃ አወጣች። ከዚያ አንድ ቀን ውሃ ሲሰጡት ጮኸ። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ያያችሁ ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ የሚያቆመው ሳሙናና መርፌ ነው። መጀመሪያ በሚወርድ ውሃና በሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ ማጠብ። ሰዓት ያዙ፤ ሁለት ደቂቃ ለሚያም ሰው አሥራ አምስት ይመስላል። አጥብቃችሁ አትሰሩት፣ ምንም አትነስንሱበት። ከዚያ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት። “መርፌው ሆድ ላይ ነው፣ ብዙ ቀን ነው” ብላችሁ የምትፈሩ አላችሁ። ያ የድሮው ነው። አገራችን ለብዙ ዓመት የሚሰጠው ክትባት እንደዚያ ነበር። የአሁኑ ክንድ ላይ ይወጋል፤ አራት ወይም አምስት ጊዜ ነው። መጀመሪያ በዕለቱ፣ ከዚያ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን፤ አንዳንድ ቦታ በ28ኛውም ይጨምራሉ። ቁስሉ ደም ካለው ደግሞ ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ሌላ መድኃኒት አለ። ክትባቱን መጀመሪያ የሠራው ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1885 የዘጠኝ ዓመት ልጅ አድኖበታል። አዲስ አበባ ጉለሌ “ፓስተር” የምንለው ሰፈርም ስሙ ከእሱ ነው የመጣው። ስለዚህ ይሄ የሀብታም ሰው ቅንጦት አይደለም፤ ለድሃ እረኛም የተሠራ መድኃኒት ነው።

“ውሻው ተከትቧል” ካሏችሁ ደስ ይላል፣ ግን ደብተሩን ለሐኪሙ ያሳዩ። ውሻው ከነከሰ በኋላ አሥር ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሐኪሙ ቀሪውን መርፌ ሊያቆም ይችላል። የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው እንጂ ማዳም አይደለችም፤ እኛም አይደለንም።

ሁለተኛው ምክር፦ “ፈርተሽው ነው”። እንዴ! ፍርሃት ወንጀል ሆነ? የታሰረ ውሻ፣ የሚበላ ውሻ፣ ቡችላ ያላት ውሻ፣ የታመመ ውሻ፣ ተኝቶ የነቁበት ውሻ፣ ከልጅነቱ እንዲናከስ የሠለጠነ ውሻ ይነክሳል። የእኔ ውሻ የነከሰኝ ሳህን ይዤለት ሄጄ ነው። መጠንቀቂያውን መማር ጥሩ ነው፤ እኔም አስተምራለሁ፦ አትሩጡ፤ ዓይን ዓይኑን አትዩት፤ ጎን ሰጥታችሁ ዝም ብላችሁ ቁሙ፤ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ከመጣባችሁ ቦርሳ፣ ባልዲ፣ የተጣጠፈ ዓባያ በመሃል አድርጉ፤ ከጣላችሁ ተኮራምታችሁ አንገትና ፊታችሁን በእጃችሁ ሸፍኑ። ይሄ ለነገ ይጠቅማል። ትናንት ለተነከሰች ሴት ግን “ፈርተሽው ነው” ማለት የውሻውን ጥፋት ወስዶ እሷ ላይ መጫን ነው። ባለቤቱ እንኳን እንደዚህ አይከራከርለትም።

ሦስተኛውና ከባዱ፦ “ዝም በይ፣ እንጀራሽን ታጪያለሽ”። ይሄን የምትሉትን እረዳለሁ። እኔም ልኬ የማስተምራቸው አሉኝ። ግን ዝምታው ማንን ጠቀመ?

በረመዳን ማዳም እናቷ ቤት፣ መካ አዚዚያ ሰፈር ይዛኝ ሄደች። ሐጃ ጠባሳዬን አየችና “ይሄ ምንድነው?” አለችኝ። ማዳም ፊት ነበር፤ ፈራሁ፤ ግን ነገርኳት። አሮጊቷ ልጇን ቁጣ ቁጣ አለቻት። ያለቻት ይሄ ነው፦ በሐረም ክልል አደን ክልክል ነው፣ ርግብ እንኳ አይባረርም፤ ነገር ግን በሐዲስ ከዚህ ውጪ የተደረጉ አምስት ናቸው፤ ቁራ፣ ጭላት፣ ጊንጥ፣ አይጥና ተናካሽ ውሻ። “መካ ውስጥ እንኳ ከለላ የሌለውን አንቺ ጅዳ ውስጥ ከለላ ሰጠሽው?” አለቻት። ሙስሊም ያልሆናችሁ እህቶች መካ ባትገቡም ነገሩ ይገባችኋል፤ እዚህ አገር በሃይማኖቱም ተናካሽ ውሻ ተከራካሪ የለውም። ከዚያ በኋላ ውሻው አጥር ተሠራለት፣ ማብላቱ ለዘበኛው ሆነ። እኔም ከሥራ አልተባረርኩም። ሁሉም ቤት ሐጃ የለችም፣ አውቃለሁ። ግን ባልናገር ኖሮ ሐጃም አትሰማም ነበር።

ውሻን ጥሉ እያልኩ አይደለም። በዚያው ሃይማኖት ለተጠማ ውሻ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ምሕረት እንዳገኘ ይነገራል። ግን ዘመኑ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2006 የሃይማኖት ፖሊሶች ጅዳና መካ ውስጥ ውሻና ድመት መሸጥ ከልክለው ነበር። በ2020 ደግሞ ኾበር ከተማ ውስጥ ሰው ከነውሻው ቡና የሚጠጣበት ቤት ተከፈተ። ውሻ የሚያሳድጉ ቤቶች እየበዙ ነው። የሚያበላው፣ የሚያጥበው፣ የሚያወጣው ማነው? እኛ ነን። ስለዚህ ይሄ ነገር የአንዷ እህታችን ዕድል ሳይሆን የሁላችን ሥራ ጉዳይ ሆኗል።

ደንቡም ከእኛ ጋር ነው። የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ ለጤናና ለአካል አደገኛ የሆነ፣ ክብርን የሚነካ ሥራ ሠራተኛዋን እንዳያሠሩ ይከለክላል፤ በሐኪም ወረቀት የሚሰጥ የሕመም ፈቃድም በደመወዝ ያዛል። የሚናከስ ውሻ ማብላት አደገኛ ካልሆነ ምን አደገኛ ሊሆን ነው?

ኢቃማ የሌላችሁ፣ ከቤት ወጥታችሁ የምትሠሩ እህቶች ደግሞ “ሐኪም ቤት ብሄድ እያዛለሁ” ትላላችሁ። ፍርሃታችሁ የውሸት አይደለም። እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ እላለሁ፦ የተባረረ ሰው ቦሌ ሲወርድ በእግሩ ነው። በዚህ በሽታ የተያዘ ግን በእግሩ አይወርድም። ከሁለቱ የሚመለስበትን ምረጡ።

አገራችን “ባለቤቱን ካልናቁ ውሻውን አይነኩም” ይባላል። እዚህ ተገልብጧል፤ ሠራተኛዋን ካልናቁ ውሻቸውን አይለቁባትም። የሚንቁን ደግሞ እኛ እርስ በርስ “ምንም አይደለም” ስንባባል ሲሰሙ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ የጁምዓ ስብሰባ ስንጀምር “በዚህ ሳምንት የተነከሰች፣ የተቃጠለች፣ የወደቀች አለች?” ተብሎ ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ ከሳጥናችን ለሐኪም ቤት ታክሲ የሚሆን ገንዘብ ይለይ፤ መርፌው ተመላላሽ ስለሆነ ሰው የሚያቋርጠው በታክሲ ነው። ሦስተኛ፣ አዲስ የምትመጣ እህት ሁሉ ይሄን ዐረብኛ በቃሏ ትያዝ፦ “ዓዳኒ ከልብ፣ አብጋ ሙስተሽፋ”፤ ውሻ ነክሶኛል፣ ሐኪም ቤት እፈልጋለሁ ማለት ነው። ክትባት “ተጥዒም” ይባላል። ስልኮቹንም ያዙ፦ ለድንገተኛ 911፣ ለጤና ሚኒስቴር 937፣ መንገድ ላይ ለሚያስቸግሩ ውሾች 939፣ ለሥራ አቤቱታ 19911።

እግሯን የተነከሰችው እህታችን በነጋታው ስደውልላት መጀመሪያ “ዘገየሁ እኮ” አለችኝ። ምልክት እስካልታየ ድረስ ዘግይቶም መከተብ ይሻላል አልኳት። በስድስተኛው ቀን ሄዳ ጀምራለች። ይሄን ስታነቡ ሦስተኛውን መርፌ ትወጋለች። ያቺን አንድ ሌሊት ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያ ሌሊት የእሷ ሳይሆን የእኔ ዕዳ ነው። እናንተ እንደ እኔ አታድሩ። በዚያው ሰዓት ተናገሩ።

ፈጣሪ ሁላችንንም በሰላም ለአገራችን ያብቃን።

እህታችሁ፣ ከጅዳ