«በሞቴ» የማይባልላት እንግዳ

የእህቴ ልጅ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ባለፈው ሳምንት ሰቆጣ ሲገባ ከጋቢናው ባወረደው ካርቶን ውስጥ ኤሊ ነበረች። ከያቤሎ ወደ ሜጋ ሲሄድ አስፋልቱን ስታቋርጥ አገኛት፤ ሌላ መኪና እንዳይጨፈልቃት ብሎ አነሣት። ማንሣቱ ደግ ነው። ወደምትሄድበት ዳር አሻግሮ ቢተዋት ግን ይበልጥ ደግ ነበር፤ አላወቀም። «አጎቴ፣ እስክመለስ አደራ» ብሎኝ ሄደ።

ጎረቤት ሁሉ ሊያያት መጣ፤ ባዶ እጁን የመጣም የለም። አንዷ እንጀራ በወጥ፣ አንዱ ዳቦ፣ ሌላዋ በጣሳ የፍየል ወተት። ኤሊዋ አንገቷን ወደ ድንጋዩ ልብሷ ስትሰበስብ «አፍራ ነው፣ እንለምናት» ተባለ።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ከ«በሞቴ» ጋር ያለኝን ጠብ ታውቃላችሁ። የስኳር ሕመምተኛውን በጠጅ፣ ጨጓራው የቆሰለውን በአዋዜ አጣድፈን «አስተናገድነው» እንላለን። እንግዳው የሚበላውን ሳይሆን እኛ የምንወድደውን እናጎርሰዋለን። ይህን ስጽፍ «ባህል ነካህ» የሚሉኝ አሉ። ይበሉ። እንግዳን ማክበር ባህላችን ነው፤ እንግዳን አለመጠየቅ ግን ባህል ሊባል አይገባውም።

ኤሊ «በሞቴ» አይገባትም። የዚች ዓይነቷ፣ ልብሷ እንደ ነብር ቆዳ የተዥጎረጎረው፣ ሣር በል ናት። እንጀራውም ወተቱም ሆዷን ያውካል። እኔ የሰጠኋት ሣርና እሾሁን በእሳት የለበለብሁትን የበለስ ቅጠል ነው። በለሱን እየቆረሰች ስትበላ ያሰማችው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ውሃ የምታገኘው በጠፍጣፋ ሳፋ ነው፤ ጥልቀቱ ከአገጯ እንዳያልፍ። በድንገት ብድግ ማድረግም አይገባም፤ ስትደነግጥ በፊኛዋ ያጠራቀመችውን ውሃ ትለቅቀዋለች፤ ለቆላ እንስሳ ደግሞ ያ ውሃ ስንቋ ነው። የነካት ልጅ ሁሉ እጁን በሳሙና እንዲታጠብም አዝዣለሁ፤ ኤሊ ራሷ ሳትታመም የሆድ በሽታ ልታስተላልፍ ትችላለች።

ያስጨነቀኝ የጥቅምት ብርድ ነው። ኤሊ የሰውነቷን ሙቀት የምትቀዳው ከፀሐይ ነው፤ ብርድ ሲይዛት የበላችውም አይፈጭላትም። የቦረና ቆላ ልጅ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ሰቆጣ ውጭ ማደር የለባትም። ስለዚህ ማታ ማድቤት፣ ገለባ ላይ፤ ጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበት የድንጋይ አጥር ሥር። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባል የለ? እሷም አጥንት ትወዳለች! ለልብሷ ጥንካሬ ስትል የደረቀ አጥንት ትግጣለች፤ በዱር የጅብ ኩስ ሳይቀር ትበላለች።

አንድ ወዳጄ «እንዳትጠፋ ጠርዟን ብሳና በሽቦ እሰራት» አለኝ። አልታገሥሁትም። ያ ልብስ ከጀርባ አጥንቷና ከጎድኗ ጋር የተጋጠመ፣ ሲወጋ የሚያማት አካሏ ነው። ሌላው ደግሞ ለልጁ ሊገዛኝ ፈለገ። ይህች ኤሊ ከሃምሳ ዓመት በላይ ልትኖር እንደምትችል ግን አላሰበም። በቅድስት ሄለና ደሴት የኖረው ዮናታን የተባለው ግዙፍ ኤሊ በ1832 እ.ኤ.አ. ገደማ እንደተፈለፈለ ይገመታል፤ የኛው ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ሲነግሡ ሠላሳ አምስት ዓመት ያለፈው ነበር ማለት ነው። የልጅ ልጅ የሚወርሰውን አደራ ለልጅ መጫወቻ ብሎ አይገዙም። በዚያ ላይ ሕጉ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝን ይከለክላል።

በለሱን እየቆረጥሁላት ሳለ ትዝ ያሉኝ አንዲት እናት ናቸው። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ወደ ሰቆጣ ሲመጡ «ለጥቂት ሳምንት ነው» ብለን ነበር። ወለህ ላይ መጠለያ ተሠራ፤ ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆነ። እኚህ እናት ያኔ እኛ ቤት ነበር ያረፉት። አራት ቀን ሙሉ ቡና እያፈላን፣ «በሞቴ» እያልን አጎረስናቸው። ሌሊት ግን አይተኙም ነበር፤ ሐዘን ነው አልን። በአምስተኛው ቀን «ልጄ፣ ምግቡስ በቃኝ፤ ፍየሎቼን የት ላድርጋቸው?» አሉኝ። ሦስት ፍየሎች ከተማው ዳር ለማያውቁት ሰው አደራ ሰጥተው ነው የገቡት። አልጠየቅናቸውም፤ አልነገሩንም። ፍየሎቹን ያን ቀን አመጣናቸው፤ ጓሮ ታሰሩ። እኚያ እናት ያን ሌሊት እስኪነጋ ተኙ። እስከ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። አራት ቀን ሙሉ ስንቀልብ የነበረው የራሳችንን ደግነት ነው።

ኤሊዋም የምትነግረኝ ነገር አላት። ፀሐይ ሞቅ ሲያደርጋት የአጥሩን ሥር ይዛ ትዞራለች፤ ትጭራለች፤ ትመለስና እንደገና ትጭራለች። «ተከዜ ዳር ልቀቃት፣ እዚያም ቆላ ነው» ያለኝ ሰው አለ። ቆላ ሁሉ አገሯ አይደለም፤ በሽታ ይዛ ብትሄድ ለዚያ አገር አውሬም ዕዳ ናት። የተነሣችበት ባይታወቅ ኖሮ ሆለታ አጠገብ ያለው፣ የተያዙ የዱር እንስሳት የሚጠለሉበት እንስሳ ኮቴ ይሻላት ነበር። ቦታው ከታወቀ ግን፣ የደወልሁለት ባለሙያ እንዳለኝ፣ ሳትዘገይ ወደዚያው ትመለስ።

ትናንት ማታ ለእህቴ ልጅ ደወልሁ። በመጪው ሳምንት ወደ ሞያሌ ጭነት አለው።

«ቦታውን ታስታውሳለህ?»

«አሳምሬ! ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ አለበት።»

«ስታገኛት ወዴት ዞራ ነበር?»

ትንሽ አሰበ። «ወደ ኩይሳው» አለኝ።

«እንግዲያው በኩይሳው በኩል አውርዳት» አልሁት።