የለሃቪም ጓሮ እና የቤርሼቫ ሦስተኛ ፎቅ አንድ አይደሉም

ለሃቪም ውስጥ ሲያልፉ ከትልቁ ቤት ጎን የራሷ በር ያላት ትንሽ የኪራይ ቤት ማየት የተለመደ ነው። አንድ ክፍል፣ ጠባብ ማድ ቤት፣ መታጠቢያ፣ በቃ። ከለሃቪም–ራሃት ባቡር ጣቢያ እስከ ቤርሼቫ ዩኒቨርሲቲ ጣቢያ አንድ ፌርማታ ስለሆነ ለተማሪ ትመቻለች። ይህን ያየ ወገናችን ታዲያ «እኔስ ቤቴን ለሁለት ብከፍላት?» ብሎ ማሰቡ አይገርምም።

አንድ አዛውንት ዘመዴም በቅርቡ ይህንኑ አማከሩኝ። በሽኹና ዳሌት ሦስተኛ ፎቅ ላይ በማሽካንታ የገዟት፣ 65 ሜትር ካሬ የሆነች ባለ ሦስት ክፍል ቤት አለቻቸው። አሁን ከልጃቸው ጋር ስለሚኖሩ ሊያከራዩዋት ነው። አንድ ካብላን «በሦስት ሳምንት ሁለት ቤት አደርግልዎታለሁ፤ ፈቃድ የሚጠይቅዎት የለም» አላቸው። እኔ ግን «ጋሼ፣ እባክዎ አያድርጉት» አልኳቸው።

ለምን? አንደኛ፣ ቤት መክፈል የግንባታ ፈቃድ፣ ሄተር ብኒያ ይጠይቃል። በ2017 የወጣው የሕግ ማሻሻያ ትልልቅ ቤቶችን መክፈልን አቀለለ እንጂ ፈቃድን አላስቀረም። በዚያው ዓመት ያለፈቃድ ግንባታ ላይ የሚጣለው ቅጣትም ጠንክሯል። ቅጣቱ ሲመጣ ባለቤቱም ይጠየቃል።

ሁለተኛ፣ 65 ሜትር ካሬ ለሁለት ሲቆረጥ አንዱ ክፍል ያለ መስኮት መቅረቱ አይቀርም። ከ2017 ጀምሮ በሚሠራው የኪራይ ሕግ አየርና ብርሃን የማይገባበት ቤት ለመኖሪያ ብቁ አይደለም።

ሦስተኛ፣ በግድግዳ የተከፈለች ቤት በታቡ ላይ አንድ ቤት ሆና ትቀራለች። ልጆች ሊሸጧት ሲፈልጉ የገዢው ባንክ ሻማይ ይልካል። ሻማዩ ያለፈቃድ የተሠራውን ሲያይ ዋጋዋ አይጨምርም፤ ገዢውም «መጀመሪያ እንደነበረች መልሱልኝ» ይላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ይኼ ነው።

«ጎረቤቴ ከፍሎ በወር ሁለት ኪራይ ይቀበላል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ሁለት ኪራይ ከአንድ ይበልጣል። ነገር ግን አንድ ጎረቤት ለኢሪያ ቢያመለክት ወይም በቀጭኑ ግድግዳ ውስጥ የተጎተተው የመብራት ሽቦ እሳት ቢያስነሳ፣ የዓመታት ኪራይ በአንድ ቀን ይሄዳል። የብዙዎቻችን ወላጆች ለልጅ የሚያወርሱት ሀብት ያቺው አንዲት ቤት ናት።

ታዲያ ቤቷ እንዳለች ትቆይ ማለቴ አይደለም። ሺፑጽ ያስፈልጋታል፤ ግን አንድ ቤት ሆና። መጀመሪያ ገንዘቡ ዓይን በማያየው ነገር ላይ ይዋል፦ የዛጉ የውኃ ቱቦዎች፣ የፍሳሽ መስመር፣ ፈቃድ ባለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሚታደስ የመብራት ሰሌዳ፣ ዱድ ሸሜሽ። ቀጥሎ አከፋፈሉ ይስተካከል። በማድ ቤቱና በሳሎኑ መካከል ያለው ግድግዳ ሕንፃውን የማይሸከም መሆኑን መሐንዲስ ካረጋገጠ ቢነሳ ቤቱ ይሰፋል፣ ብርሃንም ይገባል። በድሮ ሕንፃዎች የትኛው ግድግዳ ሸክም እንዳለበት በዓይን አይታወቅምና «ይመስለኛል» በሚል ካብላን አይፈረስ። ሽንት ቤቱ ከመታጠቢያው ቢለይ፣ ሁለቱ መኝታ ክፍሎች መስኮትና የሚቆለፍ በር ቢኖራቸው፣ ሁለት ተማሪዎች በአንድ ውል ሹታፊም ሆነው ይከራዩታል። ሕጉም አይጣስም።

ሌላም አለ። በጁን 2025 ሶሮካ ሆስፒታል በሚሳይል ከተመታ ወዲህ ተከራይ ስለ መጠለያ ሳይጠይቅ አይገባም። ቤቷ ማማድ ካላት ግድግዳውና የብረት በሩ አይነካ። ከሌላት ከዋአድ ባይት ጋር ሆኖ የሕንፃውን ሚክላት ማጽዳት ከአዲስ ሴራሚክ ይበልጣል።

ከካብላን ጋር ሁሉም ነገር በጽሑፍ ይሁን፦ ምን እንደሚሠራ፣ በስንት፣ መቼ እንደሚያልቅ። በካብላኖች መዝገብ ውስጥ መኖሩን ልጆቻችሁ በስልካቸው ያጣሩ። ክፍያው በየደረጃው ይሁን፤ የመጨረሻው ሥራው ሳያልቅ አይሰጥ። ዕብራይስጡ ካልገባችሁ ሳይነበብላችሁ አትፈርሙ። ሃሽላማት ሃክናሳ የምትቀበሉ ደግሞ የኪራይ ገቢውን ለቢቱዋህ ሌኡሚ አስታውቁ፤ ያልተነገረ ገቢ ኋላ ዕዳ ሆኖ ይመጣል።

ዘመዴ ካብላኑን አሰናብተው መሐንዲስ አስጠርተዋል። ኪራያቸው እንደ ጎረቤታቸው እጥፍ አይሆንም። ነገር ግን የኢሪያ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ልባቸው አይደነግጥም፤ ልጆቻቸውም ክስ ሳይሆን ቤት ይወርሳሉ።