ሲኒው ውስጥ ስንት አለ?

ሽሮ ሜዳ ቡና ሲፈላ ብቻውን የሚጠጣ የለም። በቀደም ጎረቤት ተጠርተን፣ አምስት ወሯን የያዘች ነፍሰ ጡር ሲኒዋን እንደያዘች «ሐኪሙ ቡና ቀንሺ ብሎኛል፤ ግን ወደ ስንት?» ብላ ጠየቀች። መልሱ እንደ ሰዉ ብዛት ሆነ። አንዷ «አቦሉን ዝለዪ፣ ቶናና በረካው ምንም አይልሽም» አለች። አንዲት እናት ደግሞ «እኛስ ስንጠጣ ወልደን የለ!» ብለው ነገሩን ዘጉት።

ጥያቄው ግን ደህና ጥያቄ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት በቀን እስከ 200 ሚሊ ግራም፣ ለሌላው ጤነኛ አዋቂ እስከ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን አያሰጋም ይላል። ሻይና ኮካም ከዚሁ ሒሳብ ይገባሉ። የእኛ ቡና አረቢካ በመሆኑ ካፌይኑ ከሮቡስታ በግማሽ ገደማ ያንሳል፤ ይህ መልካም ዜና ነው። አቦሉ ከበረካው ይበረታል ያለችውም ልክ ናት። ሆኖም ሲኒያችን ላይ ሚሊ ግራም አልተጻፈም፤ አንዱ ቤት ያወፍረዋል፣ ሌላው ያቀጥነዋል። ስለዚህ የሚለካ ሰው ያስፈልጋል።

ከሽሮ ሜዳ በታክሲ ቁልቁል ወርደን 6 ኪሎን ካለፍን 4 ኪሎ እንደርሳለን። እዚያ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ይህን ነገር ያውቀዋል። መዓረግ አማረና ሽመልስ አድማሴ የተባሉ ኬሚስቶች በቡና ውስጥ ያለን ካፌይን በኤሌክትሪክ የሚለካ ሴንሰር ሠርተው በ2012 እ.ኤ.አ. ታላንታ በተባለው ዓለም አቀፍ መጽሔት ላይ አሳትመዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኤሌክትሮድ የሚባል ትንሽ የካርቦን ዘንግ ናሙናው ውስጥ ይነከርና ቮልቴጁ ቀስ በቀስ ከፍ ይደረጋል። ካፌይኑ የሆነ ደረጃ ላይ ሲደርስ ኤሌክትሮን ይለቃል፤ በዘንጉ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይለካል። ካፌይኑ በበዛ ቁጥር ኤሌክትሪኩም ይበዛል። አስቸጋሪው ነገር ካፌይን ንፉግ መሆኑ ነው፤ ኤሌክትሮኑን በቀላሉ አይለቅም። ሁለቱ ተመራማሪዎች ካርቦኑን ስስ የፖሊመር ሽፋን አለበሱት፤ ምልክቱም ጎልቶ ወጣ። እኔን የሚገርመኝ ርካሽነቱ ነው። ለዚህ ዓይነት ሥራ የተለመዱት ትልልቅ የላቦራቶሪ ማሽኖች ዋጋቸውም፣ የሚፈጁት ኬሚካልም የዋዛ አይደለም።

ቤታችሁ ውስጥ ስኳር ያለበት አባት ወይም አያት ካለ ይህን ሳይንስ በእጃችሁ ይዛችሁታል። የስኳር መለኪያዋ ወረቀት ላይ ያለው ኢንዛይም ከደሙ ግሉኮስ ኤሌክትሮን ይወስዳል፤ መሣሪያው የሚያሳየው ቁጥር ከዚያ ኤሌክትሪክ የመጣ ነው።

መዓረግ አማረ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አስተምረው ፕሮፌሰርነት ደርሰዋል። ኤሌክትሮዶቻቸውም ከቡና አልፈው ክኒን ውስጥ ያለን መድኃኒት ወደ መለካት ተሻገሩ። በክኒን ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው መጠን አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ለእኛ ዓይነት አገር ቅንጦት አይደለም።

ይህ ሥራ ሳይጠናቀቅ ቆመ። በ2014 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ጀምሮ የፕሮፌሰሩ ስምና ፎቶ ከሐሰት ውንጀላ ጋር ፌስቡክ ላይ ሲዘዋወር ሰነበተ። ጥቅምት 24 ቀን ባሕር ዳር መኖሪያ ቤታቸው ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ናይሮቢ ላይ ከሰሰ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወስኗል።

የቡናው ጥናት ታላንታ ቅጽ 93 ውስጥ አለ። ስለ ካፌይን ሴንሰር የሚጽፉ የሌላ አገር ኬሚስቶች ዛሬም ይጠቅሱታል።