መዝገቡ ራሱን ይሙላ ለሚሉ ወንድሞች

ሰሞኑን በግቢያችን አንድ አሳብ ይነገራል። «ፋይዳ አለልን፤ ዕድሜው የደረሰውን ሁሉ መኪናው ከዚያ እየለቀመ በመራጮች መዝገብ ላይ ይጻፈው፤ ገበሬው ለምን ይሰለፋል?» ይባላል። አሳቡ ያምራል። የዳንግላ ገበሬ የእርሻ ቀኑን ጥሎ ከሚመላለስ መንግሥት ራሱ ቢመዘግበው የሚጠላ ማን ነው? ነገር ግን መዝጋቢው መኪና ሲሆን አጣሪው ማን ይሆናል? ይህን የሚጠይቅ አላየንምና እኛ እንጠይቅ።

የ2011 ዓ.ም. የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 ከመራጭ ሦስት ነገር ይሻል፤ ኢትዮጵያዊነትን፣ 18 ዓመት መሙላትን፣ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖርን። ፋይዳ ከእነዚህ የትኛውን ይመልሳል?

ዜግነትን አይመልስም። በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 መታወቂያውን የሰጠው ለነዋሪ ነው፤ በሕግ የሚኖር የውጭ አገር ሰውም ያገኘዋል። የጣት አሻራና የዐይን ብሌን ሰውየው ራሱ መሆኑን ይመሰክራሉ እንጂ የየት አገር ዜጋ እንደ ሆነ አይናገሩም።

ዕድሜንም በሙሉ ልብ አይመልስም። አገር አቀፍ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ያን ዓመት የተወለደ ሕፃን 18 ዓመት የሚሞላው በ2026 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ የስንቱ የባንጃና የአንከሻ ወጣት ዕድሜ እናቱ ባስታወሰችው ቃል ላይ የቆመ ነው!

መኖሪያንስ? ዳንግላ ተወልዶ፣ ባሕር ዳር ፋይዳ አውጥቶ፣ እንጅባራ የሚማረውን ጓደኛችንን መኪናው የት ይጽፈዋል? በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ተፈናቅለው በቻግኒ ራንች መጠለያ የገቡትን ወገኖቻችንንስ የት ይጽፋቸው ነበር? ከሸሹት ቀበሌ ወይስ ከድንኳኑ?

ይህ የጨለምተኛ ፍርሃት አይደለም። በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣውን ዜጋ ወዲያው በመራጭነት ይመዘግባል። እ.ኤ.አ. በ2024 ዜግነታቸው ያልተረጋገጠ ከ1,200 የሚበልጡ ሰዎች በስሕተት ተመዝግበው ተገኙ። ሤራ አልነበረም፤ ጸሐፊዎች የውጭ አገሩን ፓስፖርት የአሜሪካ ነው ብለው በመሙላታቸው የመጣ ጣጣ ነው። መኪናው ስሕተቱን አላረመም፤ አባዛው እንጂ።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው እያንዳንዱ ማስረጃውን ተሸክሞ ይምጣ» የሚልም አይጠፋም። ይህኛው የባሰ ነው! ወረቀት የሌላት ባልቴት ኢትዮጵያዊነቷን ልታስረዳ ከቢሮ ቢሮ ልትንከራተት ነውን? ያልተገባው ሰው መግባቱ በደል ከሆነ፣ የተገባው ሰው መውጣቱ እጥፍ በደል ነው። የማጣራቱ ሸክም የመዝጋቢው ይሁን፤ የተመዝጋቢው አይሁን።

ስለዚህ የምንለው ግልጽ ነው። አንደኛ፣ ዜግነት፣ ዕድሜና መኖሪያ እየብቻቸው ይጣሩ፤ አንዱ መታወቂያ ለሦስቱ አይመስክር። ሁለተኛ፣ መዝገቡ በየቀበሌው በአማርኛና በአገውኛ ይለጠፍ፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃልና ሰው ሁሉ አይቶ ይቃወም፣ ይመስክርም። ሦስተኛ፣ ማንም ሳይነገረውና ሳይሰማ ስሙ አይሰረዝ።

መምህሮቻችን ሕጉን አስተምሩን፤ ጓዶች፣ ለዕረፍት ወደየቀያችን ስንሄድ ይህን ለወላጆቻችን እናስረዳ። መኪናው ይጻፍ፤ ሕዝቡ ግን ያንብበው። ሕዝብ ያላነበበው መዝገብ የሕዝብ መዝገብ አይደለም!