ኮማንዶና ተራው ወታደር

በዘመናችን ጦርነት ጥቂት የተመረጡ ኮማንዶዎች ስለሚበቁ ብዙ ሠራዊት መቀለብ ገንዘብ ማባከን ነው የሚሉ ሰዎች በዝተዋል። ዕድሜያችንን በወታደርነት የጨረስን እኛ ግን ይህን አሳብ አንቀበለውም።

የኮማንዶን ጀግንነት አንነቅፍም። የምንነቅፈው፥ ከእርሱ በቀር ወታደር የሌለ የሚያስመስለውን ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ዓ.ም. አሜሪካ በቴህራን የታገቱትን ዜጎቿን ለማስፈታት 8 ሄሊኮፕተሮች ላከች። ለሥራው ቢያንስ 6 ያስፈልጉ ነበር፤ በበረሓው መገናኛ ለሥራ የበቁት ግን 5 ብቻ ሆኑ። ዘመቻው ተሰረዘ፤ ሲመለሱም ሄሊኮፕተር ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ 8 ወታደሮች ሞቱ። በዚያ ሌሊት ጀግና አልጠፋም፤ የጠፋው ደኅና ሄሊኮፕተርና ባንድነት የተደረገ ሙሉ ልምምድ ነበር። መካኒክና ስንቅ አመላላሽ በሚናቁበት ሠራዊት ኮማንዶው ምን ላይ ቆሞ ይዋጋል?

ጕድለቱ ታርሞ ነበር ይሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ በ1987 ልዩ ጦሮቹ ባንድ አዛዥነት ሥር ተጠቃለሉ፤ በ2011ም ኦሳማ ቢን ላደንን ፓኪስታን ውስጥ ገደሉት። ነገር ግን በ2021 ካቡል በታሊባን እጅ ወደቀች። ጀብዱው ሠመረ፥ ጦርነቱ ግን አልሠመረም።

በ1933 ዓ.ም. የዊንጌት ጥቂት ጦር በጎጃም ድል ያገኘው አምስት ዓመት ከተጋደሉት አርበኞችና ከሚያበላቸው ባላገር ጋር ስለ ተሰለፈ ነው።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ የኮማንዶን መለዮ ብትመኙ አይፈረድባችሁም፤ ነገር ግን ጫፉን ብቻ ስታዩ ዘንጉን አትርሱ። ያለ ዘንግ ጦር አይወረወርም።