የቤት ጥገና በጀት በቦንጋ፦ የበጋው ወራትና የቡናው ገቢ የሚሰጡት ዕድል

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. ተመሥርቶ ቦንጋ ከመቀመጫ ከተሞቹ አንዷ ከሆነች ወዲህ፣ የመኖሪያ ቤት ጉዳይ በከተማዋ ይበልጥ ትኩረት የሚሻ ሆኗል። ቤት ሠርቶ መግባት የብዙ ዓመታት ቁጠባ ፍሬ ነው። ሆኖም በርካታ አዲስ ባለቤቶች ያላቸውን ሁሉ ለግንባታው አውለው፣ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ሳይኖራቸው የመጀመሪያውን ክረምት ይቀበላሉ።

ይህ ክፍተት በካፋ ዞን ከሌላው አካባቢ ይልቅ ይከብዳል። በቦንጋና በአካባቢዋ ዓመታዊው የዝናብ መጠን ከ1 ሺህ 500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ ዝናቡም ከበልግ ጀምሮ እስከ መኸር መግቢያ ይዘልቃል። በመሆኑም የላላ የቆርቆሮ ሚስማር ውኃ ያስገባል፤ ውኃው ኮርኒሱን ያበሰብሳል። አሸንዳ ከሌለው ጣሪያ የሚወርደው ጠፈጠፍ የግድግዳውን እግር ይሸረሽራል፤ የጭቃ ልስኑ ሲረግፍ ቋሚውና ማገሩ ለእርጥበትና ለምስጥ ይጋለጣሉ። በጥቂት ሚስማሮችና በአንድ ቀን ሥራ ይቆም የነበረ ጉዳት ግድግዳ እስከ ማፍረስ ሊደርስ ይችላል።

የዋጋው ሁኔታም ጉዳዩን አንገብጋቢ አድርጎታል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉን ተከትሎ፣ የብር የምንዛሪ ዋጋ ቀንሷል። ቆርቆሮ፣ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ዕቃዎች ራሳቸው ወይም ጥሬ ዕቃቸው ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው ለውጡ በቀጥታ ይነካቸዋል። ስለሆነም ቤቱ ሲሠራ የተከፈለው ዋጋ ለዛሬው የጥገና ወጪ አስተማማኝ መለኪያ አይሆንም።

ታዲያ ምን ያህል መያዝ ይገባል? በሌሎች ሀገራት የተለመደው መነሻ በየዓመቱ የቤቱን ዋጋ 1 በመቶ ያህል ማስቀመጥ ነው። በእኛ ሁኔታ ስሌቱ የቦታውን የገበያ ግምት ትቶ፣ ቤቱን ዛሬ እንደ አዲስ ለመሥራት የሚጠይቀውን ወጪ ቢከተል ይመረጣል፤ የሚያረጀው ቤቱ እንጂ ቦታው አይደለምና። ለምሳሌ ዛሬ ለመሥራት 900 ሺህ ብር የሚጠይቅ ቤት 1 በመቶው 9 ሺህ ብር ነው። በእንጨትና በጭቃ ለተሠራና ብዙ ዝናብ ለሚወርድበት ቤት ወደ 2 በመቶ ማስጠጋት ተገቢ ጥንቃቄ ሲሆን፣ ይህም በዓመት 18 ሺህ፣ በወር 1 ሺህ 500 ብር ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያልወጣው ገንዘብ ትርፍ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ቆርቆሮ ለሚቀየርበት ጊዜ ይጠራቀማል።

ከመጠኑ እኩል ወሳኙ ጊዜው ነው። ጣሪያ ማፍሰሱ የሚታወቀው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በእነዚህ ወራት ግን የቡና ገቢ አልቋል፤ የመስከረም የትምህርት ቤት ወጪም ተቃርቧል። በዚህ ጊዜ የሚበደር ወይም ገና ያልተለቀመ ቡናውን አስቀድሞ በርካሽ የሚሸጥ ቤተሰብ ለአንዲት ቀዳዳ የዓመት ገቢውን አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል። በአንጻሩ ቡናው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ተለቅሞ ሲሸጥ፣ ዝናቡ የሚቀንስበት የበጋ ወቅት ይከተላል። ገንዘቡና ለሥራ የሚመቸው አየር የሚገናኙት ያኔ ነው። ስለዚህ በክረምት የፈሰሰውን ቦታ መዝግቦ፣ ከቡናው ገቢ የጥገናውን ድርሻ አስቀድሞ ለይቶ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ጣሪያውን፣ አሸንዳውን፣ ልስኑንና የፍሳሽ ቦዩን ማደስ ይመከራል። ደመወዝተኛው በየወሩ በተለየ የቁጠባ ሒሳብ ቢያስቀምጥ ወይም የእቁብ ዕጣው በበጋ እንዲደርሰው ቢስማማ ተመሳሳይ ውጤት ያገኛል።

በጋራ ሕንፃ ለሚኖሩ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ ወጪን ባለቤቶች በድርሻቸው እንዲሸፍኑ ስለሚደነግግ፣ የማኅበሩ መዋጮ በቤተሰቡ በጀት ውስጥ መካተት አለበት።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ በጥር የሚወጣ ጥቂት ብር በነሐሴ ከሚመጣ ዕዳ ያድናል። የቤት ባለቤትነት ለቤተሰብ ዋስትና የሚሆነው ቤቱን የማቆየት ወጪም እንደ አስቤዛና እንደ ትምህርት ቤት ክፍያ በዕቅድ ሲያዝ ነው።