የአደን ሱሪ፤ ከቆላ እስከ ደጋ የሚያዘልቀው የቱ ነው?

ገበያችን ሱሪን የሚመዝነው በቀለሙ፣ በቅዱና በመጣበት አገር ነው፡፡ ነጋዴው “የቱርክ ነው”፣ “የታይላንድ ነው” ይላል፤ ገዢውም ይህንኑ ሰምቶ ዋጋ ይከራከራል፡፡ ጨርቁ ከምን እንደተሠራ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፡፡ በከተማ ውስጥ ይህ ብዙ አይጎዳም፤ ከከተማ ሲወጡ ግን ያስከፍላል፡፡ ለዚህ ማሳያ እንዲሆነኝ የመረጥኩት የአደን ሱሪን ነው፡፡ “በዚህ ከተማ ስንት አዳኝ አለና ነው የአደን ሱሪ የገበያ ገጽ የሚይዘው?” የሚል አንባቢ ጥቂት ቢታገሠኝ መልሱን ከታች ያገኘዋል፡፡

በ2015 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ ገደማ በባሌ በኩል ወደሚገኝ አንድ የአደን ካምፕ ስንቅ ላደርስ ሄጄ ነበር፡፡ እንግዳው በሕጋዊ ፈቃድ የደጋ አጋዘን ሊያድን ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ነው፡፡ ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር ስለማይገኝ ለአንዱ ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፈልበታል፡፡ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት አባራ፡፡ ሆኖም አስታው ቁጥቋጦና ሣሩ ውሃ አዝሎ ስለነበር ገና ግማሽ ሰዓት ሳንሄድ ሁላችንም ከወገባችን በታች ራስን፡፡ የእንግዳው ሱሪ ውሃውን አራግፎ ደረቀ፡፡ የኔው፣ “ውሃ የማያስገባ” ተብሎ በደህና ዋጋ የተሸጠልኝ ሱሪ፣ በስፌቱ በኩል አስገብቶ ጨረሰ፡፡ ፈለግ የሚከተሉት አዛውንት ደግሞ የለበሱት የጥጥ ካኪ ነበር፡፡ ነፋስ ሲመጣ መንቀጥቀጥ ጀመሩ፡፡

“ጋሼ፣ በጣም በረደዎት መሰለኝ” አልኳቸው፡፡

“እኔስ ደህና ነኝ፤ ሱሪዬ እስኪደርቅ ነው” አሉኝ፡፡

ሱሪው ግን እስከ እኩለ ቀን አልደረቀም፡፡ እሳት አንድደን ተቀመጥን፡፡ ፈለግ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩና የእንግዳው ውድ ሱሪም አብሮ ተቀመጠ፡፡ ያን ያህል ዶላር የተከፈለበት ቀን በአንድ የካኪ ሱሪ ምክንያት ባከነ፡፡

ነገሩ ቀላል ነው፡፡ ጥጥ ሲደርቅ ምቹ ነው፤ ሲርስ ግን ከዳተኛ ነው፡፡ ክሩ ራሱ ውሃ ይጠጣል፤ የጠጣውንም ቶሎ አይለቅም፤ እርጥቡ ጨርቅ እግር ላይ ተለጥፎ የሰውነትን ሙቀት ይስባል፡፡ በተለመደው የላቦራቶሪ አየር ውስጥ እንኳ ጥጥ የክብደቱን 8.5 በመቶ ያህል እርጥበት ሲይዝ ፖሊስተር የሚይዘው 0.4 በመቶ፣ ናይሎን ደግሞ 4 በመቶ ገደማ ነው፡፡ ሱፍ ከጥጥም በላይ እርጥበት ይይዛል፤ ነገር ግን የክሩ ጥቅልል አየር አምቆ ስለሚያቆይ ረጥቦም ያሞቃል፡፡ ከሁሉ የከፋው ጂንስ ነው፡፡ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ በመሆኑ አንዴ ከራሰ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢሰጣም በደጋ አይደርቅም፡፡

“እንግዲያው ወፍራምና ውሃ የማያስገባ ልግዛ” የሚለውም ተሳስቷል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1969 ቦብ ጎር ባገኘው ዘዴ የተሠራው ጎርቴክስና መሰሎቹ ዝናብን ከልክለው የላብን ተን ያሳልፋሉ መባሉ እውነት ነው፡፡ ዳሩ ግን አየሩ ሲሞቅና ሲወብቅ ላቡ ከሚወጣው በላይ ይሆንና ሰውየው ከውስጥ ይርሳል፡፡ ብዙዎቹ ሲራመዱ ኮሽ ኮሽ ይላሉ፤ ይህ ለአዳኝ ኪሳራ ነው፡፡ ከእሳት የተፈናጠረ ፍም ካገኛቸውም ይቀልጣሉ፡፡

የአገራችን መልክዓ ምድር ደግሞ ለአንድ ወፍራም ሱሪ አይመችም፡፡ ደናክል ከባሕር ወለል በታች 125 ሜትር ገደማ ሲወርድ፣ የባሌው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል፡፡ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፡፡ አዋሽ ላይ ላብ በላብ ሆኖ የዋለ ሰው በማግስቱ ሳነቴ ላይ ውርጭ ሊያገኘው ይችላል፡፡ ስለዚህ በኔ በኩል የምመክረው አንድ ሱሪ ሳይሆን ሦስት ነገር ነው፡፡ አንደኛ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚለበስ መካከለኛ ሱሪ፤ ጨርቁ 65 በመቶ ፖሊስተር፣ 35 በመቶ ጥጥ ወይም ለስላሳ ናይሎን ሆኖ ክብደቱ በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 260 ግራም ቢሆን ይበቃል፡፡ ሁለተኛ፣ ለብርድ ከሥር የሚገባ የሱፍ ወይም የፖሊስተር ታይት፡፡ ሦስተኛ፣ ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ፣ ከላይ የሚደረብ የዝናብ ሱሪ፡፡ ሦስቱም ተደምረው ከአንዱ ውድ ሱሪ የሚረክሱበት ጊዜ ብዙ ነው፤ አንዱ ቢቀደድም የሚተካው እሱ ብቻ ነው፡፡

ስለ ቀለም አንድ ነገር ልጨምር፡፡ ሰኮና ያላቸው እንስሳት ቀይና ብርቱካንማን አጥርተው አይለዩም፤ ሰማያዊን ግን በደንብ ያያሉ፡፡ ገንዲ የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብም ሰማያዊና ጥቁር ይወዳል፤ የዝንቡ ማጥመጃ ከሰማያዊና ከጥቁር ጨርቅ የሚሠራው ለዚህ ነው፡፡ በኦሞ ወይም በጋምቤላ ቆላ ሰማያዊ ጂንስ የለበሰ ሰው እንስሳውን አባርሮ ዝንቡን ይጠራል ማለት ነው፡፡ አመድማ፣ ቡናማ ወይም የደረቀ ሣር የሚመስል ቀለም ይሻላል፡፡ የወታደር ዥንጉርጉር ግን ይቅርባችሁ፡፡ እንደ ዚምባብዌና ዛምቢያ ባሉ አገሮች ሲቪል ሰው እንዳይለብሰው ተከልክሏል፤ በእኛም አገር ኬላ ላይ ጣጣው ብዙ ነው፡፡

ገዢ ሱቅ ውስጥ ምን ይፈትሽ? “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” ነውና የውስጡን ምልክት አንብቡ፤ የጨርቁ ዓይነት በመቶኛ ያልተጻፈበትን ተጠራጠሩ፡፡ ጨርቁን በእጃችሁ አሹት፤ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ተዉት፡፡ ልበሱትና ቁጢጥ በሉ፤ ብሽሽት ላይ ተጨማሪ ቁራጭ ጨርቅ የሌለው ሱሪ ያንጊዜ ራሱን ያጋልጣል፡፡ ጉልበቱና መቀመጫው ድርብ ይሁን፡፡ ዚፑን ሃያ ጊዜ ክፈቱ፣ ዝጉ፡፡ “ውሃ የማያስገባ” ከተባላችሁ ገልብጡትና ስፌቱን እዩ፤ ከውስጥ በኩል ማሸጊያ ያልተለጠፈበት ስፌት ያስገባል፡፡ የኔን ሱሪ እንዲህ ብፈትሸው ኖሮ ገንዘቤ አይባክንም ነበር፡፡

አሁን ወደ ተውኩት ጥያቄ ልመለስ፡፡ ለመሆኑ ገዢው ማነው? ባሕር ማዶ ያለው አዳኝ ሱሪውን ለብሶ ነው የሚመጣው፤ የእኛ ገበያ እሱ አይደለም፡፡ የእኛ ገበያ ፈለግ የሚከተሉት አዛውንት፣ የፓርኩ ስካውት፣ ቀያሹ፣ የመንገድ ሥራ ፎርማኑ፣ ሰሊጥ ፍለጋ መተማና ሁመራ የሚወርደው ደላላ፣ ቡና ለማየት ጫካ የሚገባው ነጋዴ ነው፡፡ እነዚህ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቆላም ደጋም ያያሉ፤ የሚለብሱት ግን ወይ ጂንስ ነው ወይ ሰልባጅ፡፡ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏልና ከውጭ የሚመጣው ጥሩ ሱሪ ለነሱ ኪስ የሚቀመስ አልሆነም፡፡

ይህን ሱሪ እዚሁ መስፋት ይቻላል ባይ ነኝ፡፡ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ አገሪቱ ከአጎዋ ዕድል ስትወጣ ብዙ የሰለጠኑ የልብስ ስፌት ሠራተኞች ሥራ አጥተዋል፤ እጃቸው ግን አልጠፋም፡፡ ድብልቅ ጨርቅ ማስመጣት ያለቀለት ሱሪ ከማስመጣት ያነሰ ዶላር ይጠይቃል፡፡ ለመጀመሪያ ደንበኛነትም ለሠራተኞቻቸው የሥራ ልብስ የሚገዙ መሥሪያ ቤቶችና የአደን አስጎብኚ ድርጅቶች አሉ፡፡ ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስብ ባለሀብት ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ፤ ውሃ እንዲያራግፍ ፒፋስ በተባሉት ኬሚካሎች የተነከረ ልብስ እ.ኤ.አ. ከ2025 መግቢያ ጀምሮ በካሊፎርኒያና በኒውዮርክ ገበያ፣ ለከባድ ዝናብ ከሚለበሰው በቀር፣ ተከልክሏል፡፡ ጨርቅ ሲያዝ ይህን ይጠይቅ፡፡

የአደን ድርጅቶችንም አንድ ነገር ልጠይቅ፡፡ እንግዳውን ለማስደሰት ድንኳኑም፣ ምግቡም፣ መኪናውም ይሟላል፡፡ ፈለግ የሚያውቀው ሰው እግር ግን የሚታሰብለት አይመስልም፡፡ የአንድ ሱሪ ወጪ የአንድ ቀን ገቢ ሲያድን በዓይኔ አይቻለሁ፡፡ አበው “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” ይላሉ፡፡ ሱሪም እንዲሁ ነው፤ የሚመረጠው ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት፣ ከተማ ውስጥ፣ ተረጋግቶ ነው፡፡